አግዳሚ የሌለው ብስክሌት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ካቻቢቴ፣

ክራንቾቹን ማክሰኞ ዕለት ለሆስፒታሉ መለስኩ።

አሁን ሰላምታው ይቀጥላል። እንዴት ነህ? ባለቤትህስ፣ ወገቧ ተሻላት? ከሱቅህ ጎን ያለው ልብስ ንጽሕና ቤት ዛሬም እንፋሎቱን ወደ አንተ ይለቀዋል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና የምልህ ለሰላምታ ያህል አይደለም። ከአልጋዬ እስከ በረንዳው ያለ ድጋፍ ሠላሳ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ሠላሳ አንድ ተመለስኩ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈህ አንድም ስላልመለስኩልህ ይቅርታ። መደወል እችል ነበር። በስልክ ግን አንተ ትቀልዳለህ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ቁም ነገሩ ሳይነሳ እንሰነባበታለን። ወረቀት ላይ ሁለታችንም ረጋ እንላለን።

ለጠየቅከኝ መልሱ አዎ ነው፤ የምፈልገው ነገር አለ። ብስክሌት እፈልጋለሁ። አግዳሚ ብረት የሌለው።

በል ሳቅ። ስትጨርስ ወደ ታች አንብብ።

አሮጌው ብስክሌቴ በረንዳው ላይ ቆሟል። እሱ ላይ ለመውጣት እግርን ወደ ኋላ አንስቶ ከኮርቻው በላይ ማዞር ያስፈልጋል። አዲሱ ዳሌዬ ይህን አያውቅም፣ ሐኪሙም እንዳትሞክሪው ብሎኛል። መንዳቱን ግን ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ፈቅዶልኛል፤ እግሬን ብዙ ሳላነሳ የምወጣበት ካገኘሁ።

ከቢሮ ደብዳቤ መጥቷል። አለቃችን በጨዋ ደንብ ነው የጻፈው። እስከ ኅዳር መጨረሻ አባባ ጀልባ ይተኩኛል። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ግን ሰባቱን የወንዝ መለኪያዎች ራሴ እየዞርኩ ማንበብ አለብኝ። አንደኛውን ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሬ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰባተኛው ጋ መድረስ። ካልቻልኩ ከተማ ወዳለው ስልክ ክፍል እዛወራለሁ። ስልክ ክፍሉን አውቀዋለሁ፤ መስኮቱ የሚያየው ሌላ መስኮት ነው። ይህ የምኖርበት ቤት ደግሞ የመለኪያ አንባቢ ቤት ስለሆነ ሥራው ሲሄድ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ድምፅ እየሰማሁ ነው የነቃሁት።

አባባ ጀልባን ታውቃቸዋለህ፤ ድልድዩ ሳይሠራ ሰውን በጀልባ ሲያሻግሩ የኖሩት ናቸው። ልበ ቀና ሰው ናቸው፣ ውሃውን ግን በሰው አካል ነው የሚለኩት። "ዛሬ ጉልበት ነው" ይሉኛል። "ስንት ሴንቲ ነው አባባ?" ስላቸው "የማን ጉልበት እንደሆነ ነዋ!" ይላሉ። ቁጥሩን ከአፋቸው የማወጣው በስንት ልመና ነው።

መንገዱ ለስላሳ ነው፤ አስፋልት ግን አይደለም። የወንዝ ዳር መንገድ ነው። እስቲ አስብበት።

እህትህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? የባለቤቴ ወገብ ተሽሎታል፤ ምላሷን ድሮም አሟት አያውቅም። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላት "በል ሳቅ" የሚለው ጋ ስደርስ እሷ ስቃ ጨርሳ ነበር።

እኔም መሳቄን አልክድም። አንድ ጊዜ "የሴት ብስክሌት ይግዙልሽ" ያለሽን የጎረቤት ልጅ ጭቃ ያስላስሽው አንቺ አይደለሽም? የአባታችንን ትልቅ ብስክሌት፣ ኮርቻው ላይ ስለማትደርሺ፣ አንድ እግርሽን በአግዳሚው ሥር አሹልከሽ እንደ መንጠቆ ተጣመሽ ስትነጂው ዛሬም ይታየኛል። ቁመትሽ ሲደርስ ደግሞ አግዳሚው ላይ እኔን ጫንሽኝ። መቀመጫዬ ያን ቀን አልረሳውም።

ወደ ሥራችን እንመለስ። "ለስላሳ ነው፤ አስፋልት ግን አይደለም" ብሎ ትእዛዝ የለም። ደንበኛ እንዲህ ብሎኝ ቢመጣ ሻይ አዝዤለት አንድ ሰዓት እጠይቀው ነበር። አሸዋ አለው? ድንጋይስ? ዝናብ ሲዘንብ ይይዛል ወይስ ያንሸራትታል? ዳገቱ ነድተሽ የምትወጪው ነው ወይስ ገፍተሽ?

ደግሞም አግዳሚ የሌለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ብረቱ ዘንበል ብሎ ከጉልበት በታች ይቆማል። ሌላው ጭራሽ እስከ ፔዳሉ ወርዶ እንደ ተከፈተ በር ነው፤ አልፈሽ ትገቢበታለሽ። ዝቅ ባለ ቁጥር መውጣቱ ይቀላል። ነገር ግን ከላይ አጥብቆ የሚይዘው ብረት ስለሌለ ጉድጓድና ሥር ላይ ፍሬሙ ይወዛወዛል። ለከተማ ግድ የለም። ለአንቺ መንገድ ግን ከሚያስፈልግሽ በላይ ዝቅ ያለ ልሰጥሽ አልፈልግም።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ላኪልኝ። ምንም ሳትይዢ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እግርሽን ወደ ፊት አንሺ። ከመሬት እስከ ጫማሽ ሥር ለኪ። ሐኪሙ ያለሽን ተይው፣ እግርሽ ያለሽን ጻፊ። ሰፈሩ ሁሉ ሴንቲ እያለ የሚጠራሽ በከንቱ አይደለም፤ የምትሰጪኝን ቁጥር ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ።

እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?

ካቻቢቴሽ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ካቻቢቴ፣

መንገዱን አልጋዬ ላይ ሆኜ በየጠዋቱ ስለምዞረው በቃሌ ልንገርህ።

አንደኛው መለኪያ ዘንግ ግቢዬ ውስጥ፣ ከደረጃዬ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ከእሱ እስከ ሁለተኛው መንገዱ የረገፈ ቅጠል ነው፤ ጎማ ሲያልፍበት ድምፅ የለውም፣ የሚሰማህ የራስህ ትንፋሽ ነው። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አሸዋ አለ፤ ደረቅ ሲሆን ጎማ እንደ ዱቄት ይውጣል። ሦስተኛው ጋ ውሃው ሰፍቶ የቆመ ይመስላል፣ ዛፎቹ ተገልብጠው ይታዩበታል፤ አንዳንድ ቀን የትኛው ዛፍ የትኛው ጥላ እንደሆነ ለማወቅ ቅጠል እስኪወድቅ እጠብቃለሁ። ከአራተኛው እስከ አምስተኛው፣ መሀል ላይ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል የዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦታል። ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከአምስተኛው በኋላ ሜዳ ነው። ጭጋግ ሲኖር መንገዱን ሳይሆን የመንገዱን ትዝታ ነው የምትነዳው። ስድስተኛው ጋ አጭር ዳገት አለ፤ ድሮ ሳልወርድ እወጣው ነበር። ሰባተኛው ከድልድዩ ሥር ነው። ጠቅላላው አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ድንጋይ ብዙም የለውም።

ቁጥሩ 42 ነው። ግቢዬ ካለው ዘንግ ጎን ቆሜ፣ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ራሴ አነበብኩት። ከእሱ የተሻለ መለኪያ ቤቴ ውስጥ የለም።

ስለ እንቅልፌ ጠይቀሃል። እተኛለሁ፣ ሕልም ግን ይበዛዋል። ትናንት ስነዳ አየሁ። ከሥሬ ብስክሌት አልነበረም። ኮርቻም፣ ጎማም የለ፤ ተቀምጬ ብቻ እሄዳለሁ፣ ቅጠሉ ከሥሬ ወደ ኋላ ይፈሳል። ምንም አልገረመኝም። ስነቃ እግሬ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበር።

ባለቤትህን ሳምልኝ።

እህትህ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

እታለም፣

አርባ ሁለት! ሐኪምሽን አመስግኚልኝ።

በዚህ ቁጥር እጄ ተፈታ። ሦስት ፍሬም ነበረኝ። የመጀመሪያው ለገበያ የተሠራ ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ ቅርጫቱ ትልቅ፣ አሸዋሽ ውስጥ እስከ ወገቡ ነው የሚገባው። ሁለተኛው የፊት ሹካው ላይ ሞላ አለው፤ ደንበኞች ስለሚያምር ይወዱታል፣ አንቺ ግን አንድ መቶ ጊዜ ልታነሺው ነው፣ ክብደቱ የትየለሌ ነው። የመረጥኩልሽ ሦስተኛው ነው። ብረቱ ዘንበል ብሎ ሠላሳ ስምንት ሴንቲ ላይ ይቆማል፣ አራት ሴንቲ ይተርፍሻል። ሥሮቹ ላይ አይወዛወዝም።

ጎማው ሁለት ኢንች ስፋት አለው። ብዙ አየር አታስሞዪው፤ ልል ሲሆን ሞላ ይሆንልሻል፣ አሸዋውንም ይረግጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። ፍሬኑን ዲስክ አድርጌዋለሁ፣ ጭቃ ሲነካው እንዳይከዳሽ። ማርሹ ከኋላ ብቻ ሰባት ነው። ከፊት ተጨማሪ ጥርስ ያልጨመርኩት ሰው ሁለት ነገር ሲያስብ መንገድ ስለማያይ ነው። መሪውን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ጎንበስ ሳትይ ውሃውን እያየሽ ትሄጃለሽ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ሁለቱም ጫማሽ መሬት ይንካ። ለፍጥነት ጥሩ አይደለም፣ ለልብ ግን ጥሩ ነው።

ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ክፍል ሦስት ቀን ሠራሁት። ልብስ ንጽሕና ቤቱ እንፋሎቱን ሲለቅ መስታወቱ ሁሉ ይጨልምና ከተማው ይጠፋል። ያን ጊዜ አንቺ ያልሽው ሜዳ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

ዛሬ ደብዳቤያችንን ለሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሹፌር አስረክቤዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስሻል። ባለቤቴ አንድ ጥያቄ አላት፤ መጀመሪያ ቀን ስትወጪበት አጠገብሽ ማን ይቆማል?

ካቻቢቴሽ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ካቻቢቴ፣

ብስክሌቱ ሐሙስ ደረሰ።

ሹፌሩ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት፣ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ደርቦበት ነበር፤ ስንፈታው የስንት ሳምንት ወሬ ወለሉ ላይ ተበተነ። አረንጓዴውን የት አገኘኸው? ዝናብ የመታው ቅጠል ነው የሚመስለው። በረንዳው ላይ አልተውኩትም፤ ቤት አስገብቼ ከአልጋዬ ግርጌ አቆምኩት። ቤቱ አዲስ ጎማ ይሸታል። የኋላውን ጎማ በእጄ አሽከርክሬ ጋደም እላለሁ። ቲክ ቲክ ይልና እየዘገየ ይሄዳል፣ የመጨረሻዋ ቲክ ስትመጣ ሁልጊዜ ሌላ አንድ የምትኖር ይመስለኛል።

አባባ ጀልባ ሦስት ጊዜ ዞሩት። "ይሄ ወደ ሴትም ወደ ወንድም ያልለየለት ነው" አሉ። ቀጥለው ደወሉን መቱና ራሳቸው ደነገጡ።

ሰሞኑን ዝናብ ነው። ውሃው ሦስተኛው ጋ ወደ ቡኒ ተለውጧል ይላሉ፤ እሳቸው "የሻይ ወተት" ነው የሚሉት። አለቃችን ደውሎ ጤንነቴን ጠይቆ ነበር፣ ደህና ነኝ አልኩት።

እጅህ ይባረክ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። አጭር ስለጻፍኩ ይቅርታ፣ የባለቤትህን ጥያቄ በሚቀጥለው እመልሳለሁ።

እህትህ


ረቡዕ፣ ኅዳር 12

እታለም፣

ስለ ቀለሙ ጻፍሽልኝ። ስለ ሽታው ጻፍሽልኝ። ቆሞ ሲሽከረከር ስለሚሰማው ድምፅ ጻፍሽልኝ፤ እሱን ቦታ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ወጣሽበት ወይስ አልወጣሽበትም?

ካቻቢቴ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ወንድሜ፣

አንድ ነገር ልንገርህ ነው፣ ቁጭ በል።

ግቢዬ ያለውን ዘንግ አይተኸዋል። ወንዙ በየዓመቱ ግቢው ድረስ እየመጣ ደለሉን ይተዋል፤ ደለሉ የዘንጉን ግርጌ ቀብሮታል። ዛሬ መሬቱ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ አይደለም፣ ሃያ ነው። ለውሃ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ውሃው የነካውን ቁጥር አንብበህ መጻፍ ብቻ ነው። እኔም እግሬን አንስቼ እንደ ውሃ አነበብኩት። ጫማዬ የደረሰው አርባ ሁለት ላይ ነበር። ሃያውን አልቀነስኩም። ከመሬት እስከ ጫማዬ ሃያ ሁለት ሴንቲ ነው።

እዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ይቅር ይባላል። ቀሪውን ስማ።

ያን ቀን ወደ ማታ ጫማዬን ስፈታ የዘንጉን ጭቃ ተረከዜ ላይ አየሁና ገባኝ። ደብዳቤው ገና መስኮቱ ላይ ነበር። ሹፌሩ የሚወስደው በነጋታው ነው። ልከፍተው እችል ነበር። እስክሪብቶውም አንስቼ ነበር። ሃያ ሁለት የአሮጊት ቁጥር መሰለኝ። አንተ ሱቅህ ውስጥ ሆነህ፣ ከባለቤትህ ጋር፣ "ሃያ ሁለት ብቻ?" ስትል ሰማሁህ። እስክሪብቶውን መለስኩና መብራቱን አጠፋሁ።

ብስክሌቱ በደረሰ ማግስት፣ ዓርብ፣ ዝናቡ ሲያባራ ግቢ አወጣሁት። አጠገቤ የቆሙት አባባ ጀልባ ናቸው፤ ለባለቤትህ ይኸው መልሷ። እግሬን አነሳሁ፣ ጫማዬ ብረቱን መታው፣ ብስክሌቱም እኔም ወደ ግራ ሄድን። በደህናው ጎኔ ነው የወደቅኩት፣ ቅጠሉ እርጥብና ወፍራም ነበር። አባባ ጀልባ አልሳቁም። እሳቸው አለመሳቃቸው ነው ያስደነገጠኝ። ሐኪሙ ጋ ወሰዱኝ፣ ራጅ ተነሳሁ፤ የተሰበረ የለም፣ ጎኔ ብቻ ጠቁሯል። ሐኪሙ "ሁለተኛ ከወደቅሽ እኔን አትቁጠሪኝ" አለኝ። ያንን ስለ አረንጓዴው ቀለም ያወራሁበትን ደብዳቤ የጻፍኩልህ በማግስቱ፣ በአንድ ጎኔ ተኝቼ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመት መዝገቤ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ጽፌ አውቃለሁ። ሳውቅ የተውኩት ግን የለም። ደንቡ የታወቀ ነው፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እንዲነበብ ሆኖ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል።

42 ተሰርዟል። 22። ተፈርሟል።

እህትህ


ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

እታለሜ፣

እንኳን ተረፍሽ። ባለቤቴ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተሳደበች፣ ቀጥላ ለጎንሽ የሚቀባ ቅባት ገዛች፤ ከዚህ ጋር ተልኳል።

እኔም ቁጭ ብዬ የምነግርሽ አለኝ። ጥቅምት ላይ ቁጥርሽ እንደ ደረሰኝ ግድግዳው ጋ ቆሜ የራሴን እግር ለካሁ። አርባ አራት አነሳሁ። ዳሌዬ የራሴ ነው፣ በሰባት ዓመት አንስሻለሁ። ደንበኛ ቢሆን "ጌታዬ፣ እስቲ እንደገና ይለኩ" እለው ነበር። አንቺ ስለሆንሽ አላልኩም። አርባ ሁለት እንድታነሺ ፈለግኩ። ብረቱን ሠላሳ ስምንት ላይ ሳየው ደስ ያለኝ ለአንቺ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከፊርማሽ በታች የእኔንም ጨምሪበት።

አሁን ጊዜ የለንም። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ አረንጓዴውን አስቀምጪው። ለአለቃሽ ጻፊና እስከ ጥር ድረስ ጊዜ ለምኚ። እግርሽ በየሳምንቱ እየተሻለው ነው፣ ሃያ ሁለት የነበረው አርባ ሊሆን ይችላል። ያ ብስክሌት ለመንገድሽ የተሻለው ነው፤ ይህን እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የምነግርሽ።

ሁለተኛው፣ አንድ አስተማሪ ጡረታ ስትወጣ ለእኔ የተወችው ብስክሌት ሱቅ ውስጥ አለ። ብረቱ እስከ ታች ወርዷል፣ መሻገሪያው አስራ ስድስት ሴንቲ ላይ ነው። ቀለሙ ግራጫ ነው፣ ምንም አያምርም። ፍሬሙ ይወዛወዛል። ከሥሩ ሁለተኛ ቱቦ በብየዳ ልጨምርበት እችላለሁ፤ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ሰፊውን ጎማና የዲስክ ፍሬኑን እገጥምበታለሁ። ሥሮቹ ላይ ግን ልትነጂው አትችይም፣ በአስራ ስምንት ኪሎ ሜትሩም ላይ ከአረንጓዴው ይዘገያል። ሦስት ሰዓት ላይ ስለ መድረስሽ ቃል አልገባልሽም።

ሹፌሩ እስከ ሐሙስ እዚያ ነው። መልስሽን ይዞልኝ ይምጣ።

ካቻቢቴ


ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ካቻቢቴ፣

ግራጫውን ላክ። አረንጓዴው በዚሁ መኪና ተመልሷል፤ በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። ስሰናበተው ደወሉን አንድ ጊዜ መታሁት።

እልህሽን ትተሽ ነው ወይ አትበለኝ። ተኝቼ መንገዱን እንደገና ዞርኩት፤ በዚህ ጊዜ ስነዳ ሳይሆን ስሠራ። ከግቢዬ እወጣለሁ፣ ሁለተኛው ጋ እወርዳለሁ። ብስክሌቱን አስደግፌ ወደ ውሃው እወርዳለሁ፣ ቆሜ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ስድስት መለኪያ፣ ስድስት ጊዜ መውጣት፣ ስድስት ጊዜ መውረድ። ሥሮቹ ጋ ደግሞ አንድ ጊዜ ወርጄ ገፍቼ አልፋለሁ። በአንድ ጠዋት ሰባት መውጣት፣ ሰባት መውረድ። አንተ ብስክሌቱን የመረጥከው ስለ መንዳት እያሰብክ ነው፤ እኔም ራሴ የነገርኩህ ስለ መንዳት ነበር። የእኔ ሥራ መውረድ ነው። እግሬ ስልሳ ሴንቲ ቢያነሳ እንኳ የሚሻለኝ ግራጫው ነበር።

ለአለቃችንም ጻፍኩለት፤ መውደቄን፣ ሃያ ሁለቱን፣ ምን ዓይነት ብስክሌት እንደምጠብቅ። ጊዜ ግን አልለመንኩትም። ጥር ላይ ከኅዳር ይልቅ ውሃው ይጎድላል፣ ያን ጊዜ መጥቶ ቢያየኝ ያየው ሥራዬን አይሆንም።

ለባለቤትህ ቅባቱ ይቆጠቁጣል በላት፤ ጠረኑ ግን ጥሩ ነው።

እህትህ


ዓርብ፣ ኅዳር 28

ካቻቢቴ፣

አለቃችን ሰኞ ራሱ ይመጣል።

በስልክ ሲነግረኝ የጻፍኩት ይኸው፦ "በመኪና ሰባተኛው ጋ መጥቼ እጠብቃለሁ። ሁለት ደብዳቤ ተጽፎ በእጄ ይሆናል፤ አንዱ መዛወሪያሽ ነው፣ አንዱ መቆያሽ። አንዱን እዚያው እፈርማለሁ።" ቀጥሎ "እንደ ሰው ቢሆን የትኛውን እንደምፈርም ታውቂያለሽ፤ ግን ሰዓት ነው የማየው" አለኝ። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው።

ግራጫው እሑድ ደረሰ፤ አብሮት በላክኸው ወረቀት እንዴት እንደወጣሁበት ጠይቀኸኛል። ከፊቱ ቆሜ እግሬን አነሳሁ፣ አሳለፍኩት፣ ኮርቻው ላይ ነበርኩ። በቃ። አባባ ጀልባ "ወጣሽ እንዴ?" አሉኝ፤ ለመደገፍ ገና እጃቸውን እየዘረጉ ነበር። የጨመርከው ቱቦ ሥሮቹ ጋ ሳይደረስ ባሉት ጉብታዎች ላይ ያቃስታል፣ ግን አይከዳኝም። ሥሮቹ ጋ ወርጄ እገፋለሁ። እየገፋሁ ሳልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ያላየሁት ነገር አየሁ፤ ከሥሮቹ መሀል ምንጭ አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ መዳፍ አይሞላም።

ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ላይ ደረስኩ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ከአራት። ቀድሜ እንዳልነሳ የታችኞቹም አንባቢዎች አንደኛቸውን በዚያው በአስራ ሁለት ሰዓት ነው የሚያነቡት፤ በአንድ ሰዓት ካልጀመርን ቁጥራችን አይነጻጸርም።

በዚያው ወረቀት "እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቢ፣ ማን ያይሻል" ያልከኝን አባባ ጀልባም ብለውኛል፣ አልተማከራችሁም መቼም። ውሃ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ሞገዷ ስትመጣ ሁለት ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ስትሄድ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ አንብቤ መሀለኛውን ነው የምጽፈው። አንድ ጊዜ ብቻ ባነብ አሥር ደቂቃ አተርፋለሁ፤ እውነትህን ነው፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ። ከታች ግን በዚያ ቁጥር ጀልባውን የሚያስር፣ ልጆቹን ወደ ፎቅ የሚያወጣ ሰው አለ። አራቱን ደቂቃ ከሌላ ቦታ አመጣለሁ። አሸዋው ላይ ጎማውን በጣት ተጫንኩት፣ ገና ጠንካራ ነው፤ ትንሽ አየር አስወጣለሁ። ዳገቱን ዛሬ ገፍቼ ነበር የወጣሁት፣ በአንደኛ ማርሽ ልሞክረው አስባለሁ። ነገና እሑድ አልነዳም፣ ሐኪሙ እረፊ ብሎኛል።

ዛሬ ከአምስተኛው በኋላ ሜዳው በጭጋግ ተሞልቶ ነበር። መንገዱ ከፊት ጎማዬ ሁለት ሜትር አልፎ አይታይም። ዘገየሁ፣ ሰዓቴን ማየት ተውኩ። ጎማው ሳሩ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ቀስ ብሎ የሚቀደድ ጨርቅ ነው። የት እንዳለሁ የማውቀው በግራ በኩል ባለው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሲቀርብ እርቃለሁ፣ ሲርቅ እቀርባለሁ። ከአራቱ ደቂቃ ሁለቱ የጠፉት እዚያ ይመስለኛል። አላዘንኩባቸውም።

ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ይህ ደብዳቤ የሚደርስህ ማክሰኞ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልቋል። ስልክ አትደውልልኝ፣ እኔ እጽፍልሃለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሰባተኛው ዘንግ ጋ፣ ወይ እኔ አለቃዬን እየጠበቅኩ ነው፣ ወይ እሱ እኔን እየጠበቀ ነው።

እህትህ